ዘፈን መጋበዝ፦ ከ«ትራክ 07» የጀመረ የኤሌክትሮ ፖፕ ፍቅር

ሚሊኒየሙ በገባ ሰሞን፣ በ2000 ዓ.ም.፣ አራት ኪሎ ካለች አንዲት ጠባብ ዘፈን ቤት ገብቼ ፍላሼን አስሞላሁ። በሩ ላይ «ዘፈን በፍላሽ እና በሜሞሪ እንጭናለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ልጁ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል «ምን ዓይነት ይሁንልህ?» አለኝ። «የፈረንጅ፣ የሚያስጨፍር» አልኩት። አንድ ፎልደር እንዳለ ገልብጦ ሰጠኝ።

ቤት ገብቼ ስከፍተው ግማሹ ስም የለውም። «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02» እያለ ይወርዳል። የቀረው ደግሞ የሌላ ሰው ስም ተለጥፎበታል። ቦብ ማርሊ የሚል ፋይል ከፍቼ የሆነች ሴት ስትጮህ ሰምቻለሁ።

ሰባተኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ። መጀመሪያ ቀጭን ሲንተሳይዘር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር ኪቦርድ፣ ይነሳል። የልጆች መጫወቻ የሚመስል፣ ወዲያ ወዲህ የሚነጥር ድምፅ ነው። ከሥሩ ድራም ማሽን ይገባል። ከዚያ የሴት ድምፅ ይመጣል። አይለምንም፣ አያለቅስም፤ ግን ያመመው ነገር እንዳለ ያስታውቃል። የእንግሊዝኛው ግማሽ አልገባኝም። በዚያ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደደገምኩት እንጃ።

የማን እንደሆነ ለማወቅ ዓመታት ፈጀብኝ። ይህን የምጽፈው እንደኔ አንድ ዘፈን በአጋጣሚ ይዞት፣ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ ግራ ለገባው ሰው ነው። ሌላም አለ፦ የወደደውን ሙዚቃ ለሰው ጋብዞ «እሺ፣ አሪፍ ነው» ተብሎ የታለፈ ሰው ካለ፣ እሱም ይጠቅመው ይሆናል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት የፈረንጅ ናቸው።

የ«ትራክ 07»ን ስም ያገኘሁት በውርርድ ነው። ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣን የኢርፎኔን አንዱን ጫፍ ለጓደኛዬ ሰጠሁት። አሥር ሰከንድ አልሞላም። «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» አለና ስልኩን አውጥቶ አንድ ሰው በጊታር ብቻ፣ በለሆሳስ፣ ያንኑ ዜማ ሲዘፍን አሰማኝ። በሳን ፍራንሲስኮ ቁልቁለት ላይ ባለቀለም ኳሶች እየነጠሩ ሲወርዱ በሚያሳየው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የሚታወቀው ነው። ዘፋኙ ሆዜ ጎንዛሌዝ ይባላል። «ዋናው ይሄ ነው፤ ያንተን በማሽን ያበላሹት ነው» አለኝ። ማኪያቶ አስያዝን።

ፈልገን ስናይ የተገላቢጦሽ ሆኖ ተገኘ። ዘፈኑ «ሃርትቢትስ» ይባላል። የሠሩት ዘ ናይፍ የሚባሉ ሁለት የአንድ ቤት ልጆች፣ ስዊድናውያኑ ካሪንና ኦሎፍ ድራየር ናቸው። ባለጊታሩ ነው ከእነሱ የወሰደው። ሂሳቡን ጓደኛዬ ከፈለ። እስከ ዛሬ ግን የጊታሩ ይሻላል ብሎ ይከራከረኛል። ጆሮውን ይባርክለት።

እዚህ ላይ አንድ አጎቴን ላንሳ። ካሴት ሲገዛ ከማጫወቱ በፊት ሽፋኑን ዘርግቶ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር የሚለውን ያነባል። «ዘፋኙንማ ማንም ያውቀዋል። አቀናባሪውን ካወቅህ ሳትሰማ ትገዛለህ» ይለኝ ነበር። ያኔ የሽማግሌ ወሬ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ሙዚቃ የምፈልግበት ዋናው መንገድ እሱ ነው። የእኛ አቀናባሪ ፈረንጆቹ ፕሮዲዩሰር ከሚሉት ጋር ይቀራረባል። በሲንተሳይዘርና በድራም ማሽን በሚሠራው ፖፕ፣ በኤሌክትሮ ፖፕ ደግሞ የዘፈኑ ነፍስ ያለችው እሱ ጋ ነው።

ዘ ናይፍን በአጎቴ መንገድ ስከተላቸው እንዲህ ሆነ። የካሪን ድምፅ ሮይክሶፕ የሚባሉ ሁለት ኖርዌጃውያን በ2005 ባወጡት «ዋት ኤልስ ኢዝ ዜር» ላይ አለ። ሮይክሶፕን ሳዳምጥ በ2009 «ዘ ገርል ኤንድ ዘ ሮቦት»ን ከሮቢን ጋር ሠርተው አገኘኋቸው። ሮቢን ማን ናት ብዬ ደግሞ እሷን ፈለግሁ። የስቶክሆልም ልጅ ናት። በ1990ዎቹ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች የፖፕ ኮከብ ሆነች። በኋላ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅቶቹ በሚፈልጉት ልክ መዝፈን ሲሰለቻት በ2005 የራሷን አሳታሚ አቋቋመች። በዚያው ዓመት ባወጣችው አልበም ላይ «ሁዝ ዛት ገርል» የሚል ዘፈን አለ። አቀናባሪዎቹን ሳይ ዘ ናይፍ ናቸው። ዞሬ ቤቴ ገባሁ።

ክሩ እዚያ አልተበጠሰም። በ2018 ሮቢን «ሃኒ» የሚል አልበም ስታወጣ አብሯት ከሠሩት አንዱ ጆሴፍ ማውንት ነበር። ሰውየው ሜትሮኖሚ የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ መሪ ነው። የሜትሮኖሚን «ዚ ኢንግሊሽ ሪቪዬራ» ያገኘሁት በእሱ በኩል ነው። በ2011 የወጣ፣ ለቅዳሜ ከሰዓት የሚሆን አልበም ነው። ቤዙን ብቻ ተከትላችሁ ስሙት።

ከእነዚህ ሁሉ አንድ ምረጥ ብባል ሮቢንን እመርጣለሁ። የ2010ሩ «ዳንሲንግ ኦን ማይ ኦውን» ታሪኩ ቀላል ነው። የምትወደው ሰው ጭፈራ ቤት ውስጥ ከሌላ ሴት ጋር ነው። እሷ ጥግ ላይ ሆና እያየች ብቻዋን ትጨፍራለች። በቃ። ቢቱ ግን አንዴም አይደክምም። ግጥሙ ሲያለቅስ ከበሮው ይሮጣል። ለእኛ ጆሮ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ሆድ የሚያባባ ግጥም ይዞ ትከሻ የሚያስነቀንቅ ዘፈን ስንት አለን? ለአንድ ፍቅረኛው ለተለየችው ልጅ ጋብዤው «ይሄማ ትዝታ ነው፣ ሮጦ ነው እንጂ» አለኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም።

ሁለተኛው በር የከፈተልኝ የኒውዮርኩ ባንድ ኤልሲዲ ሳውንድሲስተም ነው። መሪው ጄምስ መርፊ በ2002 «ሉዚንግ ማይ ኤጅ» ሲያወጣ ዕድሜው ሠላሳን አልፎ ነበር። ዘፈኑ ወደ ስምንት ደቂቃ ይጠጋል። አንድ ሙዚቃ አዋቂ ነኝ ባይ ከሥር ከሥሩ የሚመጡት ልጆች ሊበልጡት ነው ብሎ ፈርቶ ሲፎክር ነው። እኔ ራሴን ስላየሁበት ብዙ ሳቅኩ። መጨረሻው ላይ የባንድና የሙዚቀኛ ስም እየደረደረ ይጠራል። አቆምኩት፣ መለስኩት፣ በቢሮ ማስታወሻ ደብተር ላይ ጻፍኩት። ግማሹን ስም አጣምሜ ነው የጻፍኩት። ከዚያ በየማታው አንድ አንድ እየፈለግሁ ሰማሁ።

ሂውማን ሊግን፣ ሶፍት ሴልን፣ የዲትሮይቱን ሁዋን አትኪንስን ያገኘሁት ከዚያ ደብተር ነው። ስዋንስን ሁለቴ ሞክሬ ትቻለሁ፤ ሌሊት የሚሰማ አይደለም። ጆይ ዲቪዥንም እዚያ ውስጥ ነበሩ። ጆይ ዲቪዥን ደግሞ ወደ ኒው ኦርደር ወሰዱኝ። ድምፃዊያቸው ኢያን ከርቲስ በ1980 ራሱን አጠፋ። የቀሩት ሦስቱ አንዲት ኪቦርድ ተጫዋች ጨምረው ኒው ኦርደር ተባሉ። በ1983 «ብሉ መንደይ»ን አወጡ። የመጀመሪያው ሽፋን የኮምፒውተር ፍሎፒ ዲስክ መስሎ የተሠራ ነው።

«ብሉ መንደይ»ን በእግር እየሄዳችሁ ስሙት። እኔ ከማዘጋጃ ቤቱ ተነስቼ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስወርድ ነው የምከፍተው። መጀመሪያ ድራም ማሽኑ ብቻውን ይመታል። ድው፣ ድው፣ ከዚያ ድድድድድድድድ። በዚህ ጊዜ እግራችሁ ሳታስቡት ይስተካከላል። ድምፃዊው ሁለት ደቂቃ እስኪያልፍ አይገባም። ሌላው ዘፈን በዚህን ጊዜ አዝማቹን ሁለቴ ይለው ነበር። ቤዙ ሲገባ ነፋሱም ከታች ሲመጣ የሆነ ሰው የሆናችሁ ይመስላችኋል። ሲያልቅ ቴዎድሮስ አደባባይን አልፌ ጥቁር አንበሳ ጋ ነኝ። በታክሲ ውስጥ ግን አይሆንም። ቤዙን ሞተሩ ይበላዋል፣ የቀረውን ረዳቱ።

የለንደኖቹ ሆት ቺፕም እዚሁ ሠፈር ናቸው። እንዲያውም አል ዶይል የሚባለው አባላቸው በኤልሲዲ ሳውንድሲስተም ውስጥም ይጫወታል። የ2006ቱን «ኦቨር ኤንድ ኦቨር» ፈረንጆች ራሳቸው ድግግሞሹ ይበዛል ሲሉት ሰምቻለሁ። ዘፈኑ ስለ ድግግሞሽ ደስታ ነው፤ ስሙም ይናገራል። እስክስታ ለወረደ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም።

እናቴ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ሳሎን ውስጥ ሂውማን ሊግን ጮክ አድርጌ ከፍቼ ነበር። ከጓዳ ሽንኩርት እየከተፈች «ይሄ ደግሞ የማን ሠርግ ነው?» አለች።

ሳቅኩ እንጂ ልክ ናት። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊው የምሽቱን ሙዚቃ ጎዳው። ትልልቆቹ ባለ ነፋስ መሣሪያ ባንዶች ሳሱ። ቦታቸውን ኪቦርድ ያዘው። እኛ ያደግነው አንድ ሰው ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ማሲንቆውንም በአንድ ኪቦርድ ሲያወጣ እየሰማን ነው። የሠርግ ቪዲዮ ሁሉ በዚያ ድምፅ የተሞላ ነው። ኤሌክትሮ ፖፕ የፈረንጅ ነገር ነው፣ አይገባኝም የሚል ሰው ሲገጥመኝ የእናቴን ጥያቄ እነግረዋለሁ። ጆሮው ለምዶታል። ያልለመደው ቋንቋውን ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ የኃይሉ መርጊያን «ሸሞንሟናዬ» ከፈትኩላት። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር፤ ሒልተን ሆቴል ይጫወቱ ነበር። በ1981 ባንዱ ለሥራ ወደ አሜሪካ ሲሄድ እሱ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ደራርቦ ያንን ካሴት ቀረጸ። ከዚያ ታክሲ ሲነዳ ኖረ። አንድ አሜሪካዊ ካሴቱን አግኝቶ በ2013 እንደገና ሲያሳትመው ነው ዓለም የሰማው። ሰውየው እንደገና መድረክ ላይ ወጣ፣ በ2018ም «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ። እናቴ ቢላዋውን አስቀምጣ በሩ ላይ ቆመች። ዜማውን አብራ አንጎራጎረች። ድራም ማሽኑ ምንም አልረበሻትም።

ይሄ አልበም ለጀማሪ ከምጋብዛቸው አንዱ ሆኗል። ቃል የለውም፤ ስለዚህ የቋንቋ ሰበብም የለም።

ከወጣቶቹ ሙዚቀኞች ደግሞ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ አሉ። እንደገና ሙሉ የሚሠራው «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም ነው። ሙዚቃቸው ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ ይባላል። የሚካኤል «የአራዳ ልጅ» በ2014፣ «ዘላለም» በ2016 ወጥተዋል። እውነቱን ልናገር፣ እነዚህ ለጭፈራ አይደሉም። ትዕግሥት ይጠይቃሉ። እኔ የገባኝ አንድ ማታ መብራት ሄዶ፣ ስልኬ ላይ ጥቂት ባትሪ ቀርቶ፣ ሌላ የምሠራው ነገር ሳጣ ነው። ጨለማ ውስጥ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ግራ ይገባችኋል።

ችኩል ሰው ከሆናችሁ በሮፍናን ጀምሩ። የ2018 አልበሙ «ነጸብራቅ» ባህላዊውን ምትና የዲጄውን ቢት ሲያገናኝ ያን ጊዜ ከተማው ሁሉ ሰምቶታል። «ሰምቼዋለሁ» የምትሉ፣ አንዴ ዘፋኙን ትታችሁ ቅንብሩን ብቻ ስሙት። ከለላ ሚዛነ ክርስቶስን ደግሞ ብዙ ሰው እንዴት እንደማያውቃት ይገርመኛል። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ዋሽንግተን ተወለደች። በ2013 «ከት ፎር ሚ»ን፣ በ2017 «ቴክ ሚ አፓርት»ን፣ በ2023 «ሬቨን»ን አውጥታለች። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ ከሥሩ ያለው ማሽን ግን ይቧጥጣል። በ2017ቱ ጀምሩ።

አሁን ወደ መጋበዙ ልምጣ። ስወድ እብድ ነኝ፤ ሁሉም ሰው አሁኑኑ እንዲሰማልኝ እፈልጋለሁ። በዚህም ተዋርጃለሁ።

የአክስቴ ልጅ መልስ ላይ ነው። ዲጄው ጓደኛዬ ስለነበር «ኦል ማይ ፍሬንድስ»ን እንዲያስገባልኝ ለመንኩት። በ2007 የወጣ የኤልሲዲ ሳውንድሲስተም ዘፈን ነው፤ በጣም ከምወዳቸው አንዱ። ከሰባት ደቂቃ በላይ ነው። የሚጀምረው ፒያኖ አንዱን ነገር እየደጋገመ፣ እየደጋገመ፣ ትንሽ እየተደናቀፈ ሲመታ ነው። ሰው ሁሉ ከጭፈራው መሀል ቆመ። ሠላሳ ሰከንድ። አርባ። ፒያኖው አሁንም እዚያው ነው። አንዲት አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ዲጄው ሄደችና «ልጄ፣ ሲዲው ተነክሷል» አለችው። ወዲያው ጉራጊኛ ገባ፣ ቤቱም ነቃ። ጓደኛዬ እስካሁን ሲያገኘኝ «ሲዲው ተነክሷል» ነው የሚለኝ።

ሁለተኛው ስህተቴ ረዘም ያለ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ካለው ቢሮዬ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «እስቲ የምትሰማውን ላክልኝ» አለችኝ። አርባ ሦስት ዘፈን ላክሁ፣ ሁሉም በሊንክ። «እሰማዋለሁ» አለች። እሰማዋለሁ ማለት በእኛ ከተማ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከወር በኋላ ስጠይቃት ሦስቱን ሞክራ ፓኬጇ አለቀ። ሦስቱም ደግሞ ከዝርዝሩ አናት የነበሩት ናቸው። እነሱን ከላይ ያደረግኳቸው አዋቂ ለመምሰል ነበር።

ያኔ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኋት። «አንቺ ማንን ነው የምትወጂው?» ጂጂን አለች። የአጎቴ ነገር ትዝ አለኝ። የጂጂን የ2001 አልበም ያዘጋጀው አሜሪካዊው ቢል ላዝዌል ነው። እሱ ራሱ ያንኑ አልበም ፈታትቶ በ2003 «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» አድርጎ አውጥቶታል። የጂጂ ድምፅ በቤዝና በማሚቶ መሀል እየመጣ ይሄዳል። ከዚያ አንድ ዘፈን ብቻ፣ ፋይሉን ራሱን፣ በቴሌግራም ላክሁላት። «ድምፅዋ ሲጠፋ ዝም ብለሽ ጠብቂ፣ ይመለሳል» ብቻ አልኳት። ሰማሽው ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። ይሄ ከሁሉም የከበደኝ ነው።

በአራተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ራሷ መጣች። «ሌላ አለህ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ሮቢንን ሰጠኋት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሮይክሶፕን።

ከዚያ ወዲህ በዚሁ ነው የምሠራው። ሰውየው የሚወደውን እጠይቃለሁ። ከእሱ አንድ እርምጃ ብቻ ራቅ የሚለውን እመርጣለሁ። ዘፈን ዝም ብዬ አልልክም፣ የሚጠብቀውን ነገር እነግረዋለሁ፦ ቤዙ የሚገባበትን፣ ከበሮው የሚቆምበትን። ስለ ባንዱ ታሪክ የማወራው ከወደደው በኋላ ነው። ካልወደደው ታሪኩ ምን ያደርግለታል? ረጅም ዘፈን ለሚጣደፍ ሰው አልጋብዝም። ለሠርግ ደግሞ ጭራሽ።

ባለፈው ሳምንት ያቺው ባልደረባዬ አሥራ አንድ ሰከንድ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ታክሲ ውስጥ ሆና የቀዳችው ነው። ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል። ከኋላው አንድ ቀጭን ሲንተሳይዘር ይነጥራል፤ የሴት ድምፅም አለ። «ይሄ የማን ነው?» ትላለች መጨረሻ ላይ። ዘፈን የሚለየው የስልክ መተግበሪያ ሻዛም አላወቀውም። ሾፌሩንም ጠይቃው ነበር፤ ፍላሽ ላይ የተጫነ ነው፣ ስም የለውም አላት። እኔ የረዳቱን ድምፅ ለማስወጣት ሁለት ማታ ሞክሬያለሁ። የሚያውቅ ካለ ልላክለት።